የሴቶቹ አሻጋሪ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ካረፍኩበት አዲስ ሆቴል ጓሮ መዋኛ ገንዳ አለ። ሰው እንዲዋኝበት ሳይሆን ሙሽሮች ፎቶ እንዲነሱበት የተሠራ ይመስለኛል፤ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ሰው ሲገባበት አላየሁም። ዳር ዳሩን የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ወንበሮቹ ላይ ወጣቶች ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሽታው ነው። ጠዋት የክፍሌን መስኮት ስከፍት የበረኪና ሽታ ገባ። ሌላው ሰው በረኪና ሲሸተው የታጠበ አንሶላ ወይም የሐኪም ቤት ኮሪደር ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ሽበቱና መነጽሩ ከላዬ ወርዶ፣ በአቡጀዲ ቀሚስ አንድ ሰማያዊ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆምኩ ልጃገረድ እሆናለሁ። ልጅነታቸው የአበባና የእናት ጓዳ ሽታ እንዳለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ይጻፉ። የእኔ ወጣትነት የሚሸተው በረኪና ነው፤ አላፍርበትም።

የመጣሁት የተማርኩበት ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ስለሚያከብር ነው። በዋና የትምህርት ዕድል አግኝታ ውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ የትምህርት ቤቱ ልጅ ናት ተብዬ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ ተማሪዎቹን እንዳነቃቃ ተጋበዝኩ። ማነቃቃት የሚባለውን ነገር አልወድም። መድረክ ላይ እየተንጎራደደ «እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ» የሚል ሰው ሳይ፣ ሊሸጥልኝ ያመጣው ዕቃ የት እንዳለ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ቢሆንም መጣሁ፤ የሀገሬን የሰኔ ዝናብ እወዳለሁ፣ ደግሞም ኮሚቴውን የሚመራው ታደለ ነው። ታደለ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው። «እንቁራሪት» የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ስሙ ሥር ሰድዶ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ አንጓች መባሌን ረስተውት ነበር። ዛሬ ቦርጭ አውጥቷል፣ ኮት ለብሷል፣ ሰው ሲያነጋግር ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ያነባብራል።

ትናንት ገንዳው ዳር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ማኪያቶ አዘዘ። እንደ ሀገራችን ወግ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ከዚያ ስለ በቆሎው፣ ከዚያ እኔ ካየኋቸው ወዲህ ስለሞቱት ሰዎች። ሙታኑን ጨርሰን ወደ ሕያዋኑ ስንመጣ ነገሩን ከሩቅ ጀመረው። ጊዜው እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ አይደል። እንግዶች ይኖራሉ። ሰው ስሜታዊ ነው።

«እና ንግግርሽ ላይ ‹ውጭ ሀገር› ብትይ ይበቃል ብለን ተነጋግረን ነበር» አለኝ።

«ውጭ ሀገር ብዙ ነው።»

«ገብቶሻል እኮ አንጓች። የሀገሩን ስም ባትጠሪው ምን ይጎድልብሻል?»

«ዲግሪዬ» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ሲያይ ሳቁን አቋረጠና እስከ ነገ እንዳስብበት ለምኖኝ ሄደ። አሰብኩበት። የሚቀጥለው ሁሉ ያሰብኩት ነው።

የዚያን ዘመን ፍኖተ ሰላም ዛሬ ላይ ቆሞ መሳል ከባድ ነው። አንድ ዋና መንገድ ነበራት፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። አውቶቡስ መናኸሪያው ጥግ ላይ ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ይደረደሩ ነበር፤ አንድ ማንጎ በአምስት ሳንቲም፣ ተከራክረሽ ስትሄጂ መልሰው እየጠሩ አንድ ይመርቁልሻል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ቴፕ ሻይ ቤት ነበር፤ ያለው ካሴት አንድ ብቻ ይመስለኛል፣ ያውም ክሩ ተወጥሮ ዘፋኙ ዜማ ባስረዘመ ቁጥር ያለቃቅሳል፤ እኛ ግን ዘፈኑ እንደዚያ የተዘፈነ መስሎን ልቅሶውንም አብረን እናዜመው ነበር። ፋሽን የሚባል ነገር አዲስ አበባ ከሞተ በኋላ ነበር እኛ ጋ የሚደርሰው። ጎረምሶቹ እግሩ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ጭቃውን እየጠረጉ ይሄዱ ነበር። የባለሱቅ ልጆች ሸንሸን ያለ የቴትሮን ቀሚስ ነበራቸው። እኛ የገጠሮቹ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማችንን ከተማ ዳር ላይ ወንዝ ወርደን አጥበን እናጠልቅና ከተሜ ሆነን እንገባለን። አራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንማረው፤ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቆላው፣ ወደ ብር ወንዝ እንወርዳለን።

አባቴ አሻጋሪ ነበር። አያ ደሴ ሲባል የማያውቀው አልነበረም። ብር በጋ ላይ ልጅ የሚዘልለው ውሃ ነው፤ ከሰኔ በኋላ ግን ቀልቶ፣ አብጦ፣ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ይወርዳል። ድልድይ አልነበረም። ከወዲያ ማዶ ገበያ አለ፣ ከወዲያ ማዶ ዘመድ አለ፣ ከወዲያ ማዶ ማርያም አለች። አባቴ ሁለት የፍየል ስልቻ ነፍቶ፣ አፋቸውን በጠፍር አጥብቆ፣ ጎን ለጎን ያስራቸውና ሰውየውን ደረቱን አስደግፎ ያስተኛዋል፤ በአንድ እጁ ስልቻውን እየገፋ በሌላው ይዋኛል። ወንድ ሲሻገር ነገሩ ይኼው ነው። ሴት ስትሻገር ግን ችግር አለ። ባለትዳር ሴት ቀሚሷ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተለጥፎ፣ የሰው ባል ከጎኗ እየተነፈሰ ወንዝ መሀል ስትታይ፣ ማዶና ማዶ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ወሬ አይቸግረውም። በዚህ ምክንያት ሁለት ትዳር ፈርሷል ይባል ነበር፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን ባሎች ሚስቶቻቸውን ከልክለው ክረምቱን ሙሉ ከወዲህ ማዶ ያስቀሯቸው ነበር። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ቢኖረውም አይጠቅመውም ነበር። እኔን አስተማረኝ። እንዲህ ሆኜ የሴቶቹ አሻጋሪ ሆንኩ።

ትምህርቱ ሁለት ነገር ነበር። መጀመሪያ፣ ፊትሽን ውሃ ውስጥ እንዳትከችው። ግንድ ሲመጣ ማየት አለብሽ። «ፊቱን ውሃ ውስጥ ከትቶ የሚሄድ ሬሳ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ዓይንሽን ከወዲያ ማዶ ካለው ሾላ ላይ አትንቀይ፤ ሰውነትሽን ግን ወደ ላይ፣ ወደ ውሃው መምጫ አዙረሽ ተሟገቺው። ወደ ሾላው ቀጥ ብለሽ ከዋኘሽ ውሃው እታች አፋፉ ላይ ወስዶ ይፈጠፍጥሻል። ሽቅብ ከተሟገትሽው፣ አንቺ ሽቅብ ስትይ እሱ ቁልቁል ሲል፣ ሾላው ሥር ትደርሻለሽ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ስለ አኗኗር ከዚህ የተሻለ ምክር የያዘ አላገኘሁም። ሰዎች ክፉ ጸባይ የሚሉብኝም ነገር ይኼው ነው።

ካሻገርኳቸው ሁሉ የማልረሳቸው እማሆይ አትጠገብን ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ወፍራም፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ነበሩ። አንድ ዘንጓ የተሰበረ ጥቁር ጃንጥላ ነበራቸው። ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ ስልቻው ላይ ተኝተው፣ ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነው፣ ጥላውን ዘርግተው ይሻገሩ ነበር። ጉልበቴን የሚጨርሰው የእርሳቸው ክብደት ሳይሆን ያ ነፋስ የሚይዘው ጥላ ነው። አንድ ቀን መሀል ወንዝ ላይ እንዲያጥፉት ለመንኳቸው። «ከታች መርጠቤ ሳያንስ ከላይም ልርጠብ?» አሉኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ሰኔ ላይ የስፖርት አስተማሪያችን አንድ ወሬ ይዞ ክፍል ገባ። መምህር ሙላቱ ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ፣ ጭቃችንን እንደ ግል ስድብ የሚቆጥር ሰው ነበር። ግብፅ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ መዋኘት ለሚችሉ ልጆች የትምህርት ዕድል ሊሰጥ ነው፤ ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ፈተና አለ፤ ማን ይችላል ብሎ ጠየቀ። ወንዶቹ በሙሉ እጃቸውን አወጡ። እኔ አላወጣሁም። ከኋላዬ ታደለ ነው ድምፁን ያሰማው። «እንቁራሪት እያለች?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ሙላቱ ግን አልሳቀም፤ ቅዳሜ አብሮን ወደ ቆላ ወረደ። ሁለት አሮጊቶችን ከነቅርጫታቸው ሳሻግር ቆሞ አየ። ከዚያ እሱም ልሻገር አለ። ወንድ ስለሆነ በአባቴ ስልቻ ነበር የተሻገረው፤ መሀል ላይ ተንሸራቶ የብርን ውሃ ጠግቦ ጠጣ። ማዶ ወጥቶ ሲያስለው ከቆየ በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ «ትሄጃለሽ» የሚል ነበር።

መሄዱን እኔ ከማንም በላይ እፈልገው ነበር። አሥራ ሁለተኛን ብጨርስም ብወድቅም የሚጠብቀኝ ነገር ይታወቃል፤ ወይ አንዱ ገበሬ፣ ወይ አንዱ ገበሬ። መጽሐፍ ያለበት ቦታ መሄድ ፈለግኩ፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ችግሩ ፈተናው የወደቀው ፍልሰታ መግቢያ ላይ፣ ያለፈም ከዚያው ለጉዞ ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥል መሆኑ ነው። ፍልሰታን ሴቶቹ በየቀኑ ማርያም ሄደው ያስቀድሳሉ። ማርያም ያለችው ማዶ ነው። ወንዙ የሚሞላውም ያን ጊዜ ነው። እኔ ከሌለሁ የሚያሻግራቸው የለም። አባቴ ሂጅም አትሂጅም አላለኝም፤ ስልቻውን ቅቤ እየቀባ «ሴቶቹስ?» ብቻ አለ።

ነገሩ የሐምሌ ማርያም ማኅበር ላይ ተነሣ። ማዶ ማርያም የሚቀድሱት ቄስ ሞገስ ወንዙ ከልክሏቸው ከወዲህ ማዶ አድረው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ያላሰቡበትን ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ቃል «አይሆንም» ነበር። ሴቶቹ ፍልሰታን ያህል ጾም ቤታቸው ቁጭ ብለው ሊያሳልፉ ነው ወይ አሉ። ልጅቱስ ወንድ ፊት ራቁቷን ልትዋኝ ነው ወይ አሉ። ወንዶቹ አጉረመረሙ። ከሁሉ የከፋውን መጨረሻ ላይ አመጡት፤ የምትሄደው ግብፅ ነው፣ ከግብፅ ደግሞ ምን ደግ ነገር ወጥቶ ያውቃል። እዚህ ላይ ከጓዳው በር አጠገብ ድምፅ ተሰማ።

«ይፍቱኝ አባቴ» አሉ እማሆይ አትጠገብ፣ ቁጭ እንዳሉ። «አላዋቂ ነኝና ልጠይቅዎ። ቅዱስ ማርቆስ የየት ሀገር ሊቀ ጳጳስ ነበሩ?»

«የእስክንድርያ» አሉ ቄስ ሞገስ።

«ድሮ አቡን የሚመጣልንስ?»

«ከዚያው ከእስክንድርያ።»

«እስክንድርያ የት ናት?»

ቄስ ሞገስ ጠላቸውን ጎንጨት አሉ።

«ሲመጡልን ደግ፣ ስንሄድባቸው ክፉ የሆነችበት ምክንያት ካለ ይንገሩኝ» ብለው ቀጠሉ እማሆይ። «ማርያምን እንደሆን ከወዲህ ማዶ ሆነንም እንጠራታለን። ጆሮዋን ወንዝ አይከለክለውም። ቀሚሷንም ለኛ ተዉልን፤ አለብሳታለሁ።»

እኔ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ፊቴ ይነድ ነበር። እማሆይ ሲወጡ በክንዴ ይዘውኝ ደጅ ወሰዱኝና ጃንጥላቸውን እጄ ላይ አደረጉት። «ይዘሽው ሂጂ። ይዘሽውም ተመለሽ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ብትገቢ፣ አንድ ነገር እይልኝ ልጀ። ይኸ ውሃ ዐባይ ገብቶ እዚያ ይደርሳል ይላሉ። ሲደርስ እንደዚህ ቀይ ነው ወይ? እይልኝ» አሉኝ።

ከፍኖተ ሰላም የተነሣነው ጠዋት ነበር፣ መምህር ሙላቱና እኔ። ማንኩሳን አለፍን። ቡሬ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሴቶች በመስኮት ቆሎና ዳቦ ሲያቀርቡ፣ የበርበሬው ሽታ ዓይን ያስነባ ነበር። ከቡሬ ወዲያ አላውቅም ነበር። ዳገቱን ወጥተን ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆኑ ከተሞችን፣ ጉም የዋጣቸውን የቀርከሃ አጥሮች አልፈን ባሕር ዳር ስንገባ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እዚያ፣ ፈተናው የሚሰጥበት ሆቴል ጓሮ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳ ያየሁትና የሸተተኝ። ሠራተኛዋ አንሶላ ያጠበችበት ቦታ መሰለኝ። ሰማያዊ ነው፣ ታቹ ይታያል፣ አይናገርም። ድምፅ የሌለው ውሃ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፈራሁት።

ልጃገረዶቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ነበሩ፤ ገላቸው ላይ የተጣበቀ ልብስ፣ ራሳቸው ላይ የጎማ ቆብ። እኔ የመምህር ሙላቱን ሚስት ጥቁር ቁምጣ ከውስጥ፣ እማሆይ ያሳጠሩልኝን የአቡጀዲ ቀሚስ ከላይ፣ ወገቤ ላይ መቀነት። መራጩ አሰልጣኝ ሸበቶ ግብፃዊ ነበር፤ አስተርጓሚው ደግሞ ሱዳን ብዙ ዘመን የነገደ የባሕር ዳር ሰው። ፊሽካ ተነፋ። እነሱ ዘለው ገቡ፤ እኔ በመሰላሉ ወረድኩ። ከዚያ አባቴ እንዳስተማረኝ አደረግኩ። ዓይኔን ማዶ ላይ ተከልኩ፣ ሰውነቴን ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ አዞርኩ፣ ተሟገትኩ። የሚሟገተኝ ግን የለም። የሚገፋ ውሃ ስለሌለ ሽቅብ ብዬ ሽቅብ ሄድኩ። አጠገቤ ያለችውን ልጅ እግሯን መታኋት፣ የሁለተኛዋን መንገድ ዘጋሁ፣ በስተመጨረሻ ከገንዳው የቀኝ ጥግ ጋር ተላተምኩ። ውሃው ገንዳውን አልፎ እስኪፈስ ተሳቀ። ዳኛው በእጁ ውጪ አለኝ።

አልወጣሁም። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን የምኮራበት ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ጥጉን በሁለት እጄ ይዤ አልወጣም አልኩ። አሰልጣኙ መጥቶ አፋፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ምን እንደሆንኩ አስጠየቀኝ።

«ተሻገሪ አላችሁኝ፣ ተሻገርኩ» አልኩት። «ይኸ ውሃ እንደማይሄድ ማን ነገረኝ?»

አስተርጓሚው እየሳቀ ተረጎመለት። አሰልጣኙ ውሃ እንዴት ነው የሚሄደው አለ፤ በእጄ አሳየሁት። ወንዙ ማን እንደሚባል፣ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ዐባይ ይገባል አልኩት። ይህን ለመተርጎም አስተርጓሚው አላስፈለገም፤ ስሙን ሰውየው ያውቀዋል። ተነሣና ለብቻዬ እንድደግም ፈቀደልኝ።

ችግሩ ማዶው ነው። ብር ላይ ሾላ አለኝ። እዚህ ማዶው ነጭ ግድግዳ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፤ ዓይን የሚጥሉበት ነገር የለውም። ታች መስመር ተስሏል አሉ በኋላ፤ እኔ ታች አላይም፣ ታች የሚያይ ሬሳ ነው። ቀና ስል መምህር ሙላቱ ሀፍረት እንደ ጭቃ ውጦት ቆሟል፣ የእማሆይን ጃንጥላ በብብቱ ይዟል።

«መምህር» አልኩት፣ «ያን ጥላ ዘርግተው ወዲያ ማዶ ይቁሙልኝ። እንዳይነቃነቁ።»

ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ያያል። መምህር ሙላቱ አንድ ዘንጓ የተሰበረ የመነኩሲት ጃንጥላ ዘርግቶ ገንዳ ጫፍ ላይ ቆመ። ዓይኔን ጥላው ላይ ተከልኩ፤ ሄድኩ። እንደ ውሻ ቀና ብዬ፣ ቀሚሴ ከኋላዬ እንደ ስልቻ ተነፍቶ፣ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ይህን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ አንደኛ እንድወጣ ይፈልጋሉ። ጋዜጣ ላይ አንድ ጊዜ «አንደኛ ወጥታ» ብለው ጽፈውልኛል፤ እርማት ልኬ አላወጡትም። ሦስተኛ ነው የወጣሁት። የአንደኛዋ አባት ልጄን ግብፅ አልልክም አሉ። ሁለተኛዋ አውሮፓ ካልሆነ አለች። ዕድሉ ለሦስተኛዋ ደረሰ። ይህን ስናገር ታዳጊዎች ቅር ይላቸዋል፤ ወላጆች ይከፋቸዋል። እኔ ግን ዕድሉን ያገኘሁት በላቤ ነው ስል አፌን ሞልቼ ነው። ሁለቱ ከእኔ ይፈጥኑ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ወጥቼ አልፈራሁም። አለመፍራትም ልምምድ ይጠይቃል፤ እነሱ ያልተለማመዱትን እኔ ጎርፍ ላይ ስለማመደው ነው ያደግኩት።

እስክንድርያ ላይ ስለ ኖርኩበት ዘመን ብዙ አላወራም። ባሕር ቀምሼ ጨው ሲሆንብኝ ማን እንዳበላሸው ጠየቅኩ። አሰልጣኙ ፊቴን ውሃ ውስጥ ለማስከተት ወራት ፈጀበት፤ የነከርኩ ቀን አባቴን የካድኩ መስሎኝ አለቀስኩ። ሜዳሊያ የለኝም፣ አንድ እንኳ። በቅብብሎሽ አራተኛ ሰው ስለሚጎድላቸው ነበር ያቆዩኝ፤ በዚያ ላይ ታሪክ ተማርኩ፣ ቤተ መጻሕፍቱን እንደ ምስጥ በላሁት። አብራኝ የምታድረው ናድያ «የውሃው ባለቤት መጣች፣ ሻይ አፍሉላት» እያለች ትቀልድብኝ ነበር፤ ሻዩን ራሷ ታፈላለች። ስለ ዐባይ ውሃ በንዴት የሚናገሩ ብዙ ሰዎች በሁለቱም በኩል አውቃለሁ። አብዛኞቹ መዋኘት አይችሉም።

አንድ ክረምት ናድያ ወደ ዘመዶቿ፣ ዐባይ ባሕር የሚገባበት ራሺድ ወሰደችኝ። ነሐሴ ነበር። ብር በዚያ ሰዓት እንደ ደም ቀይ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ የደረሰው ውሃ አረንጓዴ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ጨዋ። ደቡብ ላይ ካለው ትልቁ ግድባቸው ኋላ አፈሩ እንደሚቀር ነገሩኝ። በሦስተኛው ዓመት ክረምቱን ሀገር ቤት መጣሁና ጃንጥላውን ለእማሆይ አስረከብኩ። ሌላ ዘንግ እንዳልሰበርኩ ዘርግተው አዩ። ስለ ውሃው ነገርኳቸው። አፈሩ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ውሃው ብቻ ነው የሚደርሰው አልኳቸው። አሰቡና፣ «ደግ ነው። እኛ ታጥበን ነዋ የምንደርሰው» አሉ።

ለፈተናው የሄድኩበት ዓመት ፍልሰታ እንዴት እንዳለፈም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሴቶቹ ከሾላው ትይዩ፣ ከወዲህ አፋፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው በየቀኑ ፊታቸውን ወደ ማርያም አዙረው ቆሙ። ዝናብ ነው፤ ቆሙ። ማዶ የሚቀድሱት ቄስ ሞገስ በደጁ ባዩዋቸው ቁጥር ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር አሉ። ከብዙ ቀን በኋላ አላስችል ብሏቸው መስቀላቸውን ጥርሳቸው ላይ ይዘው በአባቴ ስልቻ ተሻገሩ። አሳልመዋቸው፣ ጸሎት አድርሰውላቸው፣ እየተንቀጠቀጡ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር የሚሻገሩት እርሳቸው ሆኑ። እኔ ከሌለሁ ምን ይውጣቸዋል ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። ምንም አልዋጣቸውም።

አሁን ብር ላይ ድልድይ አለ። አባቴም እማሆይም የሉም።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተናገርኩ። ግብፅ አልኩ፣ እስክንድርያ አልኩ፣ ሦስተኛ ወጣሁ አልኩ። ታደለ ከፊት ተቀምጦ እጆቹን ሆዱ ላይ አነባብሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከክብር እንግዶቹ ሁለቱ ተነሥተው ወጡ። ከመካከል አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ «እና ውሃችንን ሸጠሽ ነዋ የተማርሽው» አለኝ። ጥያቄው ደግ ነው፤ ሌሎቹ በሆዳቸው የያዙትን ነው የተናገረው።

«አልሸጥኩትም፤ አብሬው ነው የሄድኩት» አልኩት። «ልዩነታችን፣ እኔ ተመልሻለሁ።»

ጥቂቶች ሳቁ። ብዙዎቹ አልሳቁም። ሊሰጠኝ የነበረው የምስክር ወረቀት ሳይሰጠኝ ፕሮግራሙ ወደ ሙዚቃ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። የዋና ልብስ ከሻንጣዬ አይጠፋም፤ ለብሼ ገባሁ። የሆቴሉ ዘበኛ ሮጦ መጥቶ «እማማ፣ ዝናብ እኮ ነው» አለኝ። እየራስኩ እንደሆነ ነገርኩት። ወዲያ ወዲህ እንዳልኩ ማዶ፣ በገንዳው ሌላ ጫፍ፣ ታደለ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። ኮሚቴው እንደተቆጣ፣ ስልክ እንደተደወለለት፣ እኔ ነገ ስሄድ እሱ እዚሁ እንደሚኖር በዝናቡ ድምፅ ላይ እየጮኸ ነገረኝ። እውነቱን ነው። እሱ እዚሁ ነው የሚኖረው።

«ስሙን ባትጠሪው ምን ነበረበት?» አለ በመጨረሻ።

ዝናቡ መነጽር ለሌለው ዓይኔ ማዶውን ግድግዳ አጥፍቶብኛል። የሚታየኝ ጥላው ብቻ ነው።

«እዚያው ቁም» አልኩት።

«ምን?»

«ጥላውን ከፍ አድርገህ ያዝ። እንዳትነቃነቅ።»

ግራ ቀኙን አየ፤ የሚያየው ሰው አልነበረም። «እንቁራሪት» አለኝ፤ ከዚያ ኮቱ እየራሰ ጥላውን ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው። ግድግዳውን በእግሬ ገፍቼ ሄድኩ። ፊቴን አልነከርኩም።